ምንም ካልተፈጠረ አልጋዬን ማን ነቀነቀው?

 ከሐይፋ ነው የማናግራችሁ። የዛሬው ክፍል የታሪክ ነው፤ ግን ስለ ነገሥታትም ስለ ጦርነትም አይደለም። ከእግራችን ሥር ስላለ ነገር ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩን በሲግድ ልጀምር። በ2025 ሲግድ የዋለው ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20 ነበር። ኢየሩሳሌም ወጣን፣ ጸሎቱን ሰማን፣ ተመለስን። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የቤተሰቡ ዋትሳፕ በአንድ ቪዲዮ ተጥለቀለቀ። አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባል ተራራ ፈንድቷል። ዐመዱ ወደ ሰማይ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ፣ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰረዘ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች ዐመድ ለበሱ፣ የከብቶቹ ግጦሽ ተሸፈነ። ይህ ተራራ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ በታሪክ የተጻፈ ነገር የለም።

ሐዳር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ አባዬ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ይሄ ተራራ እኮ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ነበር አሉ። ታዲያ እሳቱ ከየት መጣ?»

እኔም በባግሩት ጂኦግራፊ የወሰድኩ ሰው ነኝ ብዬ ቶሎ መለስኩ። «ከታች የእሳት ባሕር አለ፣ አባዬ። ሲሞላ ይፈሳል።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ግን ያመነኝ አልመሰለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ራሴን አላመንኩትም። ምክንያቱም ያው መልስ ከዘጠኝ ወር በፊት አንድ ጊዜ አሳፍሮኛል።

የአባዬ እህት አዲስ አበባ ናቸው። ከጎንደር ወጥተው ወደዚህ ለመምጣት የሚጠብቁ፣ ብዙ ዓመት የጠበቁ ሴት ናቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በ2025 ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ ማታ፣ ስልክ ተደወለ። ሰንበት ገብቷል። እሳቸው ሰንበት ከገባ ስልክ አይነኩም፤ ስለዚህ ቁጥራቸውን ሳየው ደነገጥኩ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕንፃው ተወዛውዟል፣ ጎረቤት ሁሉ ግቢ ወርዷል፣ ሕፃናት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው አስፋልት ላይ ተቀምጠዋል። «ልግባ ወይስ ልደር እዚሁ?» ነው ጥያቄያቸው።

እኔ ዜናውን ስከታተል ነበር። አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ ከመሬት በታች ቅልጥ ዓለት እየተንቀሳቀሰ ነው ይባል ነበር። ሁሉም ሰው «ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?» ይላል። አልፈነዳም። ስለዚህ በልበ ሙሉነት፦ «እትዬ፣ አይዞዎት፣ እሳተ ገሞራው አልፈነዳም። ምንም አልተፈጠረም፤ ገብተው ይተኙ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ምንም ካልተፈጠረ አልጋዬን ማን ነቀነቀው?» አሉ። ስልኩን ዘጉት። ያን ሌሊት ግቢ አደሩ።

ይህ ክፍል ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

መጀመሪያ የእኔን «የእሳት ባሕር» እናንሳ። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በ1665 አትናቴዎስ ኪርኸር የሚባል ጀርመናዊ የሃይማኖት ሰው ከመሬት በታች ስላለው ዓለም አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በሥዕሉ ላይ የመሬት መሐል የሚነድ እሳት ነው፤ ከእሱም እንደ ቦይ የተዘረጉ መንገዶች ወደ ተራሮቹ ይሄዳሉ። ያምራል። ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ በ2025 ለአባዬ የሰጠሁት መልስ ያ ነው፤ ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ያለፈበት።

የምንረግጠው የምድር ቅርፊት ድንጋይ ነው። ከሥሩ ያለው፣ ማንትል የሚባለው ክፍልም ድንጋይ ነው፤ በጣም የጋለ፣ ግን ድንጋይ። ይህን ያወቁት ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ነው። አንድ ዓይነት ሞገድ አለ፤ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ማንትልን ግን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ከታች የሚንተከተክ ቀይ ወጥ የለም።

ታዲያ ቅልጡ ከየት ይመጣል? እናቶቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ደባርቅ ላይ ውሃ ከሐይፋ ባሕር ዳርቻ በቀለለ ሙቀት ይፈላል፤ እዚህ 100 ዲግሪ ላይ፣ እዚያ 90 አካባቢ። ለምን? ከፍታ ላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ነው። ድንጋይም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ የጋለው ድንጋይ የማይቀልጠው በላዩ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ነው። መሬት ስትለጠጥና ስትሳሳ ያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጫናው ይቀንስለታል፤ ያኔ ማንም እሳት ሳይጨምርበት ጥቂቱ ይቀልጣል። ሁሉም አይደለም፣ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ።

ቅልጡ ከአካባቢው ድንጋይ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ግን በቀጥታ አናት ላይ አይደርስም። የሆነ ጥልቀት ላይ፣ ክብደቱ ከአካባቢው ድንጋይ ጋር ሲቀራረብ ወይም ጠንካራ ድንጋይ ሲያግደው፣ ይቆማል። አንዱ ማረፊያ 30 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው 10፣ ሌላው 4 ወይም 5። እንደ ፎቅ ቤት ነው፤ አንድ ትልቅ ጋን ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ክፍል።

እዚያ ሲቆም ደግሞ ይቀዘቅዛል። የቆየ ማር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረግቶ ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ በፍሬዎቹ መካከል ጥቂት ፈሳሽ ይቀራል። ማሰሮውን ብትደፉት አይፈስም። ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እንደዚያ ነው፤ በክሪስታል የተሞላ፣ የረጋ፣ ለሺህ ዓመታት የማይንቀሳቀስ። «ዝም ያለ ተራራ» የምንለው ይህን ነው። ከታች አዲስ ትኩስ ቅልጥ ሲጨመርበት ወይም ፈሳሹ ተጠራቅሞ ግፊቱ ሲበረታ፣ የረገው ነገር ይነቃል። ከነቃ በኋላ ደግሞ የግድ ወደ ላይ አይሄድም። የዛሬው ታሪካችን መሐሉ እዚህ ላይ ነው።

ወደ አፋር እንመለስ፣ ወደ 2005። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ዳባሁ በሚባለው ተራራ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ በመለኪያው 4 አካባቢና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ160 የሚበልጡ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። ሴፕቴምበር 26 ዳኡሬ በሚባል ቦታ መሬት ተሰንጥቃ ዐመድ ተፋች። ሰማዩ ጨለመ፣ አርብቶ አደሮቹ ልጆቻቸውንና የተረፉ ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ ቦታው ድረስ ሄደው አዩ። ስንጥቁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የወጣው ነገር ግን ጥቂት ነው፤ ዐመድና ቀላል ድንጋይ። የፈሰሰ ላቫ አልነበረም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ «ትንሽ ፍንዳታ ነበር» ተብሎ ይረሳ ነበር። ግን የአውሮፓ ሳተላይት ኤንቪሳት ከላይ እያለፈ በራዳር መሬቷን ይለካ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተነሡት ምስሎች ሲነጻጸሩ ሁሉም ሰው አፉን ያዘ። 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር መሬቷ ተከፍታለች፤ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር። አፋር በተለመደው አካሄዷ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የምትሰፋው። የአራት መቶ ዓመት ሥራ በሳምንታት ተሠራ ማለት ነው።

ክፍተቱን የሞላው ምንድን ነው? ቅልጥ ዓለት። 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሄለንስ በ1980 ፈንድቶ ዓለምን ካስደነገጠው ከሁለት እጥፍ በላይ። ይህ ሁሉ ከመሬት በታች ሄዶ፣ ከመሬት በታች ቀረ።

እንዴት እንደሄደ ለመረዳት እንጨት ፈላጭ አስቡ። ግንዱን በመጥረቢያ ብቻ አይፈልጠውም፤ ሽብልቅ ይከታል። ሽብልቁ ሲገባ ግንዱ በቀላሉ በሚከፈትበት በኩል ይሰነጠቃል። ቅልጡም እንደዚያ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ሆኖ ድንጋዩን እየሰነጠቀ ይገባል። አፋር የምትለጠጠው በግምት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ስንጥቁ የሚረዝመው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ነው። ወደ ላይ ከመውጣት ወደ ጎን መሄድ ይቀለዋል። የሳይንስ ሰዎች ይህን የድንጋይ ግድግዳ ዳይክ ይሉታል። ጫፉ በሄደበት ሁሉ ድንጋይ ስለሚሰበር መሬት ትንቀጠቀጣለች፤ በኋላ የተተከሉ መሣሪያዎችም መንቀጥቀጡን በመከተል ፍጥነቱን ለኩት፦ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል። ሽማግሌ ከዘራ ይዞ የሚራመደውን ያህል ማለት ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ዳባሁና ጎረቤቱ ጋብሆ ወደ ታች ሰመጡ፤ እስከ 3 ሜትር ገደማ። ከሥራቸው የነበረው ቅልጥ ወጥቶ ወደ ጎን ስለሄደ ነው። ግን ሒሳቡ አልገጠመም። ሁለቱ ተራሮች ያጡት ግማሽ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስንጥቁ የያዘው ደግሞ አምስት እጥፍ። የቀረው ከሌላ፣ ከጠለቀ ማረፊያ መምጣት ነበረበት። ያ ማረፊያ ከመስመሩ መካከል ሥር፣ ተራራ ጎልቶ በማይታይበት በኩል ነበር። ነገሩም በዚያ አላበቃም፤ እስከ 2010 ድረስ በዚያው መስመር አሥራ ሦስት ሌሎች ዳይኮች ገቡ። ከእነዚያ ሁሉ ላቫ ወደ ላይ የወጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2007፣ በ2009 እና በ2010።

ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር በዘመናዊ መሣሪያ የታየው አይስላንድ፣ ክራፍላ በሚባል ቦታ፣ ከ1975 እስከ 1984 ነበር። እዚያም ሃያ ያህል ጊዜ ቅልጡ ወደ ጎን ሄዶ፣ ከግማሽ በታች በሚሆነው ብቻ ነው ወደ ላይ የወጣው። በሳተላይት ከዳር እስከ ዳር የተለካው የመጀመሪያው ትልቅ ክስተት ግን የአፋሩ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ቅልጥ ዓለት እንዴት አህጉርን እንደሚከፍል የሚማር ተማሪ ሁሉ ዳባሁን ሳያነሣ አያልፍም።

አሁን ወደ አክስቴ አልጋ እንመለስ።

በ2024 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መተሐራና አዋሽ ከተሞች አጠገቡ ናቸው። ትንሽ ጋብ አለና በዲሴምበር መጨረሻ ባሰበት። ዳይኩ ከፈንታሌ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን ተራራ ሄደ። ጃንዩዋሪ 4 በመለኪያው 5.8 ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 14፣ ያ ዓርብ ማታ፣ 6.0። ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተው ድንኳን ገቡ። ዶፈን አጠገብ መሬት ተከፍታ እንፋሎትና ጭቃ ተፋች። ላቫ ግን አንድ ጠብታ አልወጣም።

እኔ «አልፈነዳም፣ ስለዚህ ምንም አልተፈጠረም» ያልኩት ይህን ነው። አዋሽ ላይ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው እንደዚህ ብዬ ብናገር ምን ይለኝ ነበር? ቅልጡ በአስር ኪሎ ሜትሮች ሄዷል፣ መሬትን ከፍሏል፣ ድንጋዩን ሰብሯል፣ የስብራቱ ሞገድ አዲስ አበባ ደርሶ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አልጋ ነቅንቋል። ፍንዳታው ቢመጣ ኖሮ የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ነበር የሚሆነው፤ ታሪኩ ግን ያለ እሱም ተፈጽሟል።

የሃይሊ ጉቢን ነገርም ከዚህ ጋር አገናኙት። ከፍንዳታው አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በ2025 ጁላይ፣ ጎረቤቱ ኤርታ አሌ ፈንድቶ ነበር። ኤርታ አሌን ታውቁታላችሁ፤ በአናቱ የላቫ ሐይቅ የታወቀው፣ ቱሪስት ሌሊት በግመል ሲሄድበት የቆየው። በዚያን ጊዜ ሳተላይቶች ከኤርታ አሌ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሄደ ዳይክ አዩ። በዚያ አቅጣጫ ያለው ተራራ ሃይሊ ጉቢ ነው። ስለዚህ የአባዬ ጥያቄ፣ «እሳቱ ከየት መጣ?» የሚለው፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ ወደ ታች ብቻ ስጠቁም፣ እሱ መንገድ ነበር የጠየቀኝ።

«እዚህስ?» ትሉ ይሆናል፤ አባዬም ብሏል።

አይዟችሁ፣ ዛሬ ከሐይፋ ሥር የሚነቃ እሳተ ገሞራ የለም። የእኛ ሥጋት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ግን ካርሜል ድሮ ነበረው። ከ100 እስከ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ቦታ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር፤ ከባሕሩ ወለል እሳተ ገሞራዎች ይፈነዱ ነበር። ሙሕራቃ አካባቢ ከነጩ የኖራ ድንጋይ መካከል ጠቆር ያለ የዐመድ ድንጋይ ታያላችሁ። ያ ነው።

ከዚያ ዐመድ ውስጥና የቂሾን ወንዝ በሚጠርገው ጠጠር ውስጥ ሰንፔር ተገኝቷል። ቄሶቻችን ኦሪት ሲያነቡ ሰንፔር የሚለውን ቃል ሰምታችኋል። በዚያ ሰንፔር ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ትንንሽ ኪሶች፣ ከዚያ በፊት በምድር ላይ የማይታወቅ ማዕድን ነበር። በ2018 መጨረሻ ለሳይንስ ዓለም ሲተዋወቅ ካርሜልታዚት ተባለ፤ ካርሜል የእኛ ተራራ፣ የቀረው ከቲታኒየም፣ ከአሉሚኒየምና ከዚርኮኒየም ስሞች። ማዕድኑ የተሠራው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ፣ ቅርፊቱና ማንትሉ በሚገናኙበት እንደሆነ ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ቅልጡ እዚያ ቆሟል፣ ረግቷል፣ ክሪስታል ሠርቷል፤ ከዚያ አንድ ቀን በፍጥነት ወጥቶ ክሪስታሎቹን ይዞ መጥቷል። ማሰሮው ከጠፋ በኋላ የቀረ የማር ፍሬ በሉት።

በአፋርና በሐይፋ መካከል ያለው ቦታም ባዶ አይደለም። በ2009 በሳውዲ ዓረቢያ፣ ሐራት ሉናይር በሚባለው ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ሥር ዳይክ ገባ። መንግሥት ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን አስወጣ። ቅልጡ ከመሬት በታች ቆመ፣ አልወጣም፣ ሰዎቹም ተመለሱ። ከተመለሱት መካከል «በከንቱ ነው ያስወጡን» ያለ ቢኖር አይገርመኝም። እኔም እዚያ ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

አባቶቻችን የኖሩበት ስሜን ራሱ የዚህ ነገር ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በስንጥቅ በስንጥቅ እየወጣ የፈሰሰ ላቫ ተደራርቦ ያን ገደል ሠራ። ወላጆቻችሁ በልጅነታቸው ፍየል ሲያግዱ በጣና ዙሪያ ወይም በስሜን እንደ ካብ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ድንጋይ አይተው ይሆናል። ያ የድሮ ዳይክ ሊሆን ይችላል፤ የላዩ አፈር ታጥቦ የተጋለጠ፣ አንድ ጊዜ ከመሬት በታች ሄዶ የቀረ ቅልጥ። እስቲ ጠይቋቸው።

ይህን ክፍል ከመቅዳቴ በፊት አክስቴ ጋ ደወልኩ። በሰንበት አይደለም፣ በማክሰኞ። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ምንም አልተፈጠረም ያልኩዎት ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። ሽብልቁን ነገርኳቸው፣ ማሩን ነገርኳቸው። ግቢ ማደራቸው ልክ እንደነበር፣ ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ሌላ ሊከተል ስለሚችል ከተሰነጠቀ ሕንፃ መራቅ እንደሚገባ ነገርኳቸው። በደንብ አዳመጡኝ።

«እኔስ አውቄው ነበር» አሉ። «አልጋው ነው የነገረኝ። አሁን ስለ አሊያው ንገረኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ለዚያ መልስ አልነበረኝም። እንደገና እደውላለሁ አልኳቸው።

ለዛሬ በዚህ እናብቃ። ካዳመጣችሁ በኋላ ለወላጆቻችሁ አሰሙልኝ፤ አባዬም ይሰማል፣ አርሞ ይመልስልኛል። ሻሎም፣ ደኅና ሁኑ።